ቦሌ ላይ አየር መንገዶችን ስናወዳድር የትኛውን ቁጥር እንያዝ? በረራ፣ ወንበር ወይስ መስመር?

ሰሌዳ አንባቢ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቦሌ ላይ የሚሠሩ አየር መንገዶችን በአቅምና በመስመር የሚያወዳድር ሰንጠረዥ እያዘጋጀሁ ነው። ያስገባኋቸው ኢትዮጵያ፣ ኤምሬትስ፣ ፍላይዱባይ፣ ተርኪሽ፣ ሉፍታንዛ፣ ኳታር፣ ሳዑዲያ፣ ኢጂፕትኤርና ኬንያ ኤርዌይስ ናቸው። የአንድ ቀን የመነሻ ሰሌዳ ወስጄ ስቆጥር ግን ነገሩ አልገጥም አለኝ።

በበረራ ብዛት ከሄድኩ ኢትዮጵያ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። ከዚያ ውስጥ ብዙው ግን ባሕር ዳር፣ ጅማ፣ ድሬዳዋ የሚሄድ የአገር ውስጥ በረራ ነው። አንድ ኪው400 (ትንሹ የአገር ውስጥ አውሮፕላን) ከአንድ 777 (ትልቁ የረጅም መስመር አውሮፕላን) ጋር እኩል «1» ተብሎ መቆጠሩ ልክ አይመስለኝም። ወደ ፍራንክፈርት ደግሞ በተመሳሳይ ሰዓት ላይ ሦስት አራት የበረራ ቁጥር ተደርድሮ አያለሁ። አራት አውሮፕላን ነው ወይስ አንድ?

ዋናው ጥያቄዬ ይሄ ነው። ኤምሬትስ ከቦሌ ያለው መስመር አንድ ነው፤ ዱባይ። «1 መድረሻ» ብዬ ብጽፍ ተጓዡን አሳስተዋለሁ፤ የዱባይን መረብ በሙሉ ብጽፍለት ደግሞ ሚዛኑ ወደ ሌላ ወገን ያዘነብላል። እንዴት ነው የሚወዳደረው? የዋሽንግተኑ በረራስ በደብሊን ወይም በቶጎዋ ሎሜ ሲያልፍ ስንት ተብሎ ይቆጠራል?

ወንበር ቆጣሪ፦

ከፍራንክፈርቱ ልጀምር፤ እሱ ሳይጠራ የሚደመር ቁጥር ሁሉ ውኃ የገባበት ወተት ነው።

ያየኸው አንድ አውሮፕላን ነው። ኢትዮጵያና ሉፍታንዛ ሁለቱም የስታር አሊያንስ የተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ስለሆኑ አንዱ በሚያበርረው በረራ ላይ ሌላው በራሱ ቁጥር ትኬት ይሸጣል። ኮድሼር የሚባለው ይህ ነው። ሌላ አባል ሲጨመርበት ሰሌዳው ላይ ለአንድ አውሮፕላን ሦስት አራት ቁጥር ይመጣል። መድረሻው፣ ደቂቃውና በሩ አንድ ከሆነ ረድፉም አንድ ነው። ጥርጣሬ ካለህ በረራዎችን በሚያሳየው ፍላይትራዳር24 ድረ ገጽ ላይ የአውሮፕላኑን ምዝገባ እይ፦ በኢቲ የሚጀምር የኢትዮጵያ፣ በዲ የሚጀምር የጀርመን፣ በቲሲ የሚጀምር የቱርክ፣ በኤ6 የሚጀምር የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ነው። ኤ6 ላይ ተጠንቀቅ። ኤምሬትስም ፍላይዱባይም በዚያው ስለሚመዘገቡና እርስ በርስ ኮድሼር ስላላቸው የአውሮፕላኑን ዓይነት ማየት አለብህ። 737 ከሆነ ፍላይዱባይ ነው።

ሁለተኛ፣ የአንድ ቀን ሰሌዳ አይበቃም። በሳምንት 3፣ 4 ወይም 5 ጊዜ ብቻ ምልልስ ያላቸው መስመሮች ሞልተዋል፤ ማክሰኞን የቆጠረ ሰው ረቡዕ የሚሄደውን አያገኘውም። ሙሉ 7 ቀን ውሰድ። ሳምንቱንም መርጠህ ያዝ። የአየር መንገዶች ሰሌዳ በዓመት ሁለቴ ይለወጣል፤ በማርች የመጨረሻ እሑድና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ። ከሁለቱም ወቅት አንዳንድ ሳምንት ካልያዝክ ንጽጽርህ ግማሽ ዓመት ብቻ ነው። በሐጅ ሰሞን የጂዳ በረራ ያብጣል፤ ለገናና ለጥምቀት ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚመጣው ወገን ትልልቅ አውሮፕላን ያስመድባል። እነዚያን ሳምንታት እንደ መደበኛ አትቁጠራቸው።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ ወንበር የምትገባው። ለእያንዳንዱ በረራ የአውሮፕላኑን ዓይነት ጻፍና በአየር መንገዱ የራሱ አደራደር አባዛው። «787 ማለት 250 ወንበር» የሚል አጠቃላይ ቁጥር አትጠቀም፤ አንዱ አየር መንገድ ከሌላው በብዙ ወንበር ይለያያል። የኢትዮጵያ 787-8 የሚጭነው 270 ሰው ሲሆን የኳታሩ 787-8 ግን 254 ነው። የኢትዮጵያ 787-9 315፣ ኤ350-900 343፣ ኤ350-1000 395፣ 737-800 154 ወንበር አላቸው፤ ኪው400 እስከ 78 ይይዛል። የኤምሬትስ 777-300ኢአር እንደ አደራደሩ 354 ወይም 360፣ የፍላይዱባይ 737 ማክስ 8 166፣ የተርኪሽ ኤ330-300 289፣ የኬንያ ኢምብራየር 190 96 ነው። ብዙ ስህተት የሚፈጠረው አየር መንገዱ በሳምንቱ መሀል አውሮፕላን ሲቀይር ነው። ሰኞ 787-8 ያየህበት መስመር ዓርብ ኤ350 ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ጊዜ 73 ወንበር ተጨመረ ማለት ነው። ስለዚህ ዓይነቱን ለእያንዳንዱ ቀን ለብቻው ሙላ፤ የሰኞውን ወደ ታች እየጎተትክ አትቅዳ።

የኪው400 እና የ777 ጭንቀትህን የሚፈታው ወንበር-ኪሎሜትር ነው። ወንበሩን በርቀቱ ታባዛዋለህ። ለሂሳቡ ያህል እንዲህ እንያዝ። ወደ ባሕር ዳር በቀን 5 ጊዜ በ78 ወንበር ኪው400 ቢበር በሳምንት 35 በረራ፣ 2,730 ወንበር ነው። ርቀቱ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ 900,900 ወንበር-ኪሎሜትር ይወጣል። ወደ ዱባይ በቀን አንድ 354 ወንበር ያለው 777 ቢሄድ 2,478 ወንበር ነው፤ በ2,520 ኪሎ ሜትር ሲባዛ 6.2 ሚሊዮን ይሆናል። ወደ ዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት በቀን አንድ ኤ350-900 ቢነሳ 2,401 ወንበር ነው፤ በቀጥታ ርቀቱ በ11,560 ኪሎ ሜትር 27.8 ሚሊዮን ገደማ ይደርሳል። ወንበራቸው ተቀራራቢ ሆኖ የዋሽንግተኑ የባሕር ዳሩን 30 እጥፍ ነው።

ይህን ስል ግን ወንበር-ኪሎሜትር ብቻውን ይበቃል ማለቴ አይደለም። ረጅም መስመር ያለውን ያገዝፋል፤ ለባሕር ዳሩ ተሳፋሪ በቀን አምስት ጊዜ የመምረጥ ዕድሉ ከየትኛውም ኪሎ ሜትር ይበልጥበታል። የበረራ ብዛት፣ ወንበርና ወንበር-ኪሎሜትር ሦስቱንም ጎን ለጎን አስቀምጥ። የአገር ውስጡን ደግሞ በሌላ ገጽ ለየው፤ የውጭ አየር መንገዶች የማይወዳደሩበት ሜዳ ነውና አብሮ መደመሩ ለማንም አይጠቅምም።

በመጨረሻ፣ መነሻን ብቻ ቁጠር። አንዳንድ ሰንጠረዥ መነሻና መድረሻውን ደምሮ ያወጣል፤ ሌላው መነሻውን ብቻ። ሁለቱን ከደባለቅህ አንዱ አየር መንገድ ሳይገባው እጥፍ ይሆናል።

ሃያ አምስት ቀኝ፦

ወንበር ቆጣሪ በጥሩ አስረድቷል። ቦሌ ላይ ግን ከወንበሩ ቀጥሎ የሚመጣ ነገር አለ፤ ከፍታው። እሱን ሳይዙ የቦሌን አቅም ከዱባይ ወይም ከኢስታንቡል ጋር ማወዳደር አይቻልም።

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ20 ከመቶ ያህል ይሳሳል። ሙቀት ሲጨመር ደግሞ ይብስበታል። ከሰዓት በኋላ 22 ዲግሪ ላይ አውሮፕላኑ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለ ቦታ እንደሚነሳ ያህል ይቸገራል፤ ሌሊት 11 ዲግሪ ሲሆን ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ይወርድለታል። የሳሳ አየር ሁለት ነገር ያደርጋል፦ ሞተሩ የሚሰጠው ግፊት ይቀንሳል፤ ክንፉም ያንኑ ክብደት ለማንሳት አውሮፕላኑ መሬት ላይ የበለጠ መፍጠን አለበት። ብዙ መፍጠን ረጅም መንደርደሪያ ይጠይቃል። የጎማም ጉዳይ አለ፤ እያንዳንዱ የአውሮፕላን ጎማ ከዚያ በላይ እንዳይሽከረከር የተወሰነለት ፍጥነት ስላለው መንደርደሪያው ቢረዝምም ጎማው «በቃ» የሚልበት ቦታ ይመጣል። ቦሌ ጎን ለጎን የተዘረጉ ሁለት መንደርደሪያዎች አሉት፤ ርዝመታቸው ከ3,700 እስከ 3,800 ሜትር ይደርሳል። ለአብዛኛው በረራ ይበቃል። ለአሜሪካ የሚሆን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ተሳፋሪ ለያዘ አውሮፕላን ግን አይበቃም።

የዋሽንግተኑ በረራ በመንገድ የሚያርፍበት ምክንያት ይሄው ነው። ከአዲስ አበባ ሲነሳ ነዳጁን ቀንሶ ተሳፋሪውን ይይዝና በመሀል ይሞላል። ወደ ምዕራብ ሲሄድ ነፋሱም ከፊት ስለሚመጣ ነዳጅ ይበላል። ሲመለስ ግን ከደለስ የሚነሳው ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ ከማይሞላ ከፍታ ነውና ነዳጁን ሞልቶ፣ ነፋሱን ከኋላ አድርጎ ያለ ማረፊያ አዲስ አበባ ይገባል። አንድ መስመር ሆኖ ሄዶ መምጣቱ እኩል አይደለም። በሰንጠረዥህ ለመሄጃና ለመመለሻ የተለያየ ረድፍ ስጠው።

የማረፊያው ቦታ ምርጫም ቁጥሩን ይለውጠዋል። በደብሊን በኩል ሲሄድ 6,365 ኪሎ ሜትርና 5,450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ድምሩ 11,815። ከቀጥታው ጋር ሲተያይ ልዩነቱ 250 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ደብሊን መንገድ ላይ ናት ማለት ይቻላል። በሎሜ በኩል ግን 4,150 እና 8,600 ነው፤ ድምሩ ከ12,700 ያልፋል። ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን መንገድ የሚመርጠው ለነዳጅ ብቻ ብሎ አይደለም፤ ሎሜ ላይ ተሳፋሪ አውርዶ ሌላ ስለሚጭን ነው። ሎሜ ከባሕር ዳርቻ ጋር እኩል ናት፤ እዚያ ያለ ችግር ነዳጁን ሞልቶ አትላንቲክን ይሻገራል።

ክብደት ሲገደብ ቀድሞ የሚቀረው በአውሮፕላኑ ሆድ የሚጫነው ዕቃ ነው፤ ከዚያ ነው የተወሰነ ወንበር ሳይሸጥ የሚተወው። ስለዚህ «343 ወንበር አለው» እና «343 ሰው ይዞ ተነሣ» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ረጃጅሞቹ የምሽት በረራዎች አየሩ ሲቀዘቅዝ መነሳታቸው በቶን የሚቆጠር ጥቅም አለው።

ቢሾፍቱ አካባቢ አቡሴራ ላይ የሚሠራው አዲሱ ኤርፖርት ብዙ የሚወራለት በስፋቱ ነው፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 60 ሚሊዮን፣ ሲጠናቀቅ 110 ሚሊዮን ተሳፋሪና አራት መንደርደሪያ። ለእኔ ከዚያ እኩል የሚያጓጓኝ ቦታው ከቦሌ በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ዝቅ ማለቱ ነው። ለረጅም መስመር እያንዳንዱ 100 ሜትር በክብደት ይተረጎማል።

ሰሌዳ አንባቢ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁለታችሁም ብዙ ረድታችሁኛል። የኮድሼሩን ካጸዳሁ በኋላ የፍራንክፈርቱ ረድፍ ወደ አንድ ወረደ። ሎሜን ግን ልመለስበት። አንድ 343 ወንበር ያለው አውሮፕላን ከቦሌ ተነሥቶ ሎሜ አርፎ አሜሪካ ከገባ ለሎሜ 343፣ ለአሜሪካ 343 ብዬ ልጻፍ? የኤምሬትሱም ጥያቄ አሁንም አልተፈታልኝም።

የምሽቱ ዌቭ፦

የኤምሬትሱን እኔ ልያዘው። ያስቸገረህ ሁለት ጥያቄ ተደባልቆብህ ነው። አንደኛው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ለሚሄድ ሰው ማን የት ያደርሰዋል የሚለው ነው። ሁለተኛው ቦሌን እንደ መሸጋገሪያ ይዞ ከሌላ አገር ወደ ሌላ አገር ለሚያልፍ ሰው ነው። በአንድ ሰንጠረዥ ሁለቱን መመለስ አይቻልም።

ለመጀመሪያው ጥያቄ ሁለት ዓምድ ክፈት፦ «ከቦሌ በቀጥታ» እና «በአንድ ዝውውር»። ኤምሬትስ በቀጥታው ዓምድ 1 ይሁን፤ ትክክለኛው እሱ ነው። በአንድ ዝውውሩ ዓምድ ግን የዱባይን መድረሻ ሁሉ አትገልብጥበት፤ ትርጉም ያለውን ብቻ አስገባ። ለሲድኒ ወይም ለሜልበርን ተጓዥ ኤምሬትስና ኳታር እውነተኛ መንገድ ናቸው፤ ኢትዮጵያ አውስትራሊያ አይበርም። ለኪጋሊ ተጓዥ ግን በዱባይ መሄድ ወደ ሰሜን ወጥቶ ወደ ደቡብ መመለስ ነው፤ በካርታ ላይ መስመር ቢኖርም አማራጭ አይባልም። ለማጣራት የሚረዳው ቀላል ማካፈል ነው፦ በዝውውር የሚሄደውን ርቀት በቀጥታው ርቀት አካፍለው። ከ1.3 በላይ ከወጣ ጣለው።

ሁለተኛው ጥያቄ ላይ የቦሌ ተወዳዳሪ ቦሌ ላይ የሚያርፈው የኤምሬትስ 777 አይደለም፤ የዱባይ ኤርፖርት ራሱ ነው፤ ኢስታንቡልና ዶሃም እንደዚሁ። ከፍራንክፈርት ዳሬሰላም የሚሄድ ሰው እንውሰድ። ቀጥታው 6,980 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአዲስ አበባ በኩል 7,110፣ ማካፈሉ 1.02 ይሰጣል። በዱባይ በኩል 8,820፣ ማካፈሉ 1.26። ቦሌ እዚህ ግልጽ ብልጫ አለው። ከቻይናዋ ጓንግዡ ሌጎስ የሚሄደውን ነጋዴ ስንወስድ ግን በአዲስ አበባም በዱባይም ሲካፈል 1.0 አካባቢ ነው፤ ሁለቱም ልክ መንገዱ ላይ ናቸው። እዚያ ካርታው ማንንም አይመርጥም፤ የሚወስኑት የምልልስ ብዛት፣ የሻንጣ ፈቃድና የመጠበቂያ ሰዓት ናቸው። ለነጋዴ ደግሞ 23 ኪሎ ሻንጣ አንድ ወይስ ሁለት የሚለው ከመስመሩ ይበልጥበታል።

የመጠበቂያ ሰዓቱን የሚወስነው ዌቭ ነው፤ ብዙ በረራ በአንድ ጊዜ ተከታትሎ የሚገባበትና የሚወጣበት ማዕበል ማለት ነው። ቦሌ በቀን ሁለት ትልቅ ዌቭ አለው። ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ስትወጣ የአውሮፓ፣ የመካከለኛው ምሥራቅ፣ የሕንድና የቻይና በረራዎች ተከታትለው ያርፋሉ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ወደ ናይሮቢ፣ ሌጎስ፣ ኪንሻሳ፣ ጆሃንስበርግ የሚሄዱት ይነሳሉ። እነዚያው አውሮፕላኖች ከአፍሪካ ከተሞች ተመልሰው ምሽት ከ12 እስከ 3 ሰዓት ቦሌን ይሞሉታል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ወደ አውሮፓ፣ እስያና አሜሪካ የሚሄደው ይወጣል። የተርሚናል 2 የትራንዚት አዳራሽ ምሽት 3 ሰዓት ላይ ቁጭ የሚባልበት ጠፍቶ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ባዶ የሚመስለው ለዚህ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የተመረቀው ማስፋፊያ ተርሚናሉን በዓመት ወደ 22 ሚሊዮን ተሳፋሪ አሳድጎታል። የዓመቱ ቁጥር ግን የዌቩን ጭንቅንቅ አያሳይም፤ አቅም የሚፈተነው በእነዚያ ሦስት ሰዓታት ነው።

ስለዚህ መረብ ለማወዳደር ቦሌ የሚገባውን እያንዳንዱን በረራ ያዝና ካረፈ በኋላ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የሚነሱትን ቁጠርለት። ለምሳሌ ጠዋት 30 በረራ ገብቶ 40 ቢወጣ በወረቀት ላይ 1,200 ጥምረት አለ። ከዚያ ወደ ኋላ የሚመለሱትን ትጥላለህ። ከናይሮቢ በአዲስ አበባ ኪጋሊ መሄድ 2,710 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቀጥታው 760 ያህል። ሲካፈል 3.6 ይወጣል፤ ይጣል። ተጣርቶ የሚቀረው ነው የመረቡ ጉልበት። አንድ አዲስ መድረሻ ዌቩ ውስጥ ሲገባ በአንድ ጊዜ ሃያና ሠላሳ ጥምረት ይወልዳል፤ ከዌቩ ውጭ ሲገባ ግን የሚያገለግለው አዲስ አበባ ለሚወርደው ሰው ብቻ ነው።

በወቅት ለውጥ ጊዜ ይህን ድገመው። ፍራንክፈርት በአውሮፓ ክረምት ከእኛ በ2 ሰዓት፣ በአውሮፓ በጋ በ1 ሰዓት ይቀራል፤ አዲስ አበባ ሰዓት አትቀይርም። ኢስታንቡል ግን ዓመቱን ሙሉ ከእኛ ጋር እኩል ሰዓት ስለሆነ የቱርኩ መስመር በዚህ በኩል አይናወጥም።

የአየር መብት፦

የሎሜውን ጥያቄ እኔ ልመልስ። 343 ሁለት ጊዜ አይጻፍም። ከቦሌ የተነሣው አንድ አውሮፕላን ነው፤ ስለዚህ የቦሌ መነሻ ወንበር 343 ነው፤ አለቀ። በመድረሻ ቁጥር ግን ሎሜም አሜሪካም ይቆጠራሉ። ወንበር-ኪሎሜትሩን ለሁለቱ ክፍሎች ለየብቻ አስላና ደምር። 343ቱን ለሎሜና ለአሜሪካ ተሳፋሪ ለመከፋፈል ከፈለግህ በሰሌዳ ብቻ አትችልም፤ የትኬት መረጃ ይጠይቃል። በግምት ከፋፍለህ እንደ እውነት አታስቀምጠው።

በመሀል የሚቆሙትን በሁለት ለያቸው። ነዳጅ ብቻ ለመሙላት የሚያርፍ በዚያ ከተማ ተሳፋሪ አይሸጥም፤ ስለዚህ ከተማዋ መድረሻ አይደለችም። ተሳፋሪ የሚያወርድና የሚጭን ግን የዚያን አገር ፈቃድ ይዟል፤ አምስተኛው የአየር መብት የሚባለው ነው። ኢትዮጵያ ከሳኦ ፓውሎ ቦነስ አይረስ፣ ከሴኡል ቶኪዮ ናሪታ የሚሸጠው በዚህ መብት ነው። አንድ ሰው ኢትዮጵያን ሳያይ በኢትዮጵያ አውሮፕላን ከብራዚል አርጀንቲና ይሄዳል። የእነዚህን ክፍሎች ወንበር ቦሌ ላይ አትደምር።

መብት ብዬ ከጀመርኩ አይቀር፣ የምልልስ ብዛት ላይ ፍርድ ስትሰጥም አስታውሰው። አንድ አየር መንገድ በሳምንት 7 ጊዜ ብቻ የሚመጣው ገበያ አጥቶ ላይሆን ይችላል። ሁለት መንግሥታት የሚፈራረሙት የአየር አገልግሎት ስምምነት በሳምንት ስንት ጊዜ፣ በማን፣ ወደ የትኛው ከተማ የሚለውን ሊወስን ይችላል። አፍሪካ ውስጥ ይህን ለመክፈት በ1999 እ.ኤ.አ. የያሙሱክሮ ውሳኔ ወጣ፤ በጃንዋሪ 2018 አንድ የአፍሪካ የአየር ገበያ ተመሠረተ። ፊርማውና አፈጻጸሙ ግን አሁንም እየተጓተቱ ነው። አንዳንዱ ለውጥ የሚመጣው በሽርክና ነው፦ በ2025 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያና ኢትሃድ ተስማምተው በአዲስ አበባና በአቡዳቢ መካከል ሁለቱም መብረር ጀመሩ። ኢትሃድን ዝርዝርህ ውስጥ አላየሁትም፤ ጨምረው።

አሁን የምለው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። የኤርፖርቱን የተሳፋሪ ቁጥር ወስደህ ለአየር መንገዶቹ አታከፋፍል። በኤርፖርቶች አቆጣጠር አውሮፕላን ቀይሮ የሚያልፍ ተሳፋሪ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፤ ሲገባ አንድ፣ ሲወጣ አንድ። በያዘው አውሮፕላን ቁጭ ብሎ የሚያልፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቦሌ ላይ ብዙው ተሳፋሪ ዝውውር ስለሆነ የኤርፖርቱ ቁጥርና የአየር መንገዱ ቁጥር በጭራሽ አይገናኙም፤ ይህም ስህተት አይደለም። የኢትዮጵያ ኤርፖርቶች ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ግሩፕ ሥር ስለሆኑ ሁለቱም ቁጥር በአንድ መግለጫ ሊወጣ ይችላል። የትኛው የቱ እንደሆነ ሳትለይ አትጠቀም።

ወንበር ቆጣሪ፦

«የአየር መብት» ያለው ሁሉ ልክ ነው። ከመድረሻ ቁጥር ጋር አንድ ነገር ልጨምር፤ የማስታወቂያው ቁጥርና የሰሌዳው ቁጥር ሲለያይ አትደንግጥ። የጭነት ብቻ መድረሻ አለ። የኢትዮጵያ አበባ ወደ ቤልጅየም ሊዬዥ የሚሄደው በጭነት አውሮፕላን ነው፤ ሊዬዥ ላይ ተሳፋሪ አይወርድም። በኮድሼር የሚሸጥ ከተማም መድረሻ ተብሎ ሊገባ ይችላል። ሎሜን ማዕከሉ ያደረገው አስካይ ለብቻው አየር መንገድ ነው፤ ኢትዮጵያ ድርሻ ቢኖረውም ወንበሩን ለኢትዮጵያ አትደምር።

ሰሌዳ አንባቢ፦

ኢትሃድን ጨምሬያለሁ፤ የመሄጃና የመመለሻ ረድፉንም ለይቻለሁ። አንድ የቀረኝ፣ 7 ቀኑን ስደምር የሐሙስ በረራ በዝቶ የዓርቡ አነሰብኝ። በየሳምንቱ እንዲህ ነው። በእርግጥ ሐሙስ ይበዛል?

የምሽቱ ዌቭ፦

አይበዛም፤ ሰዓቱ ነው ያሳሳተህ። የምሽቱ ዌቭ እኩለ ሌሊትን አቋርጦ ያልፋል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል የሚነሳ በረራ በእኛ አነጋገር «ሐሙስ ሌሊት» ነው፤ ትኬቱና ሰሌዳው ላይ ግን ዓርብ 00:30 ተብሎ ይጻፋል። የዚያን ሌሊት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያሉትን በእኛ አቆጣጠር፣ የሌሎቹን ሌሊቶች ግን በሰሌዳው ቀን ከመዘገብክ የዓርቡ መጀመሪያ ወደ ሐሙስ ይንሸራተታል። ከ00:00 እስከ 05:59 ያለውን ሁሉ እንደገና እይና ቀኑን በትኬቱ ቀን አስተካክል። ሰዓቱንም ሰንጠረዡ ውስጥ በ24 ሰዓት ብቻ ጻፍ፤ ለአንባቢ የኛን ሰዓት መስጠት ከፈለግህ 6 ሰዓት ቀንሰህ በሌላ ዓምድ አስቀምጠው።

ሰንጠረዡን ለሕዝብ የምታወጣው ከሆነ ይሄን ከላይ በደማቁ ጻፍላቸው። ዓርብ 00:30 የሚል ትኬት የያዘ ሰው ኤርፖርት መድረስ ያለበት ሐሙስ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ነው፤ ዓርብ ማታ ሻንጣውን ይዞ የመጣ ሰው በረራው ካለፈው ቀኑን ሙሉ ሆኖታል።

ሰሌዳ አንባቢ፦

ልክ ነህ፤ ከ00:00 እስከ 05:59 ያሉትን ሁሉ ከሐሙስ ወደ ዓርብ ሳዛውር የሁለቱ ቀን ቁጥር ተቀራረበ። የሌሎቹንም ቀኖች አሁን እያጣራሁ ነው።